በአንድ ሴንቲ ሜትር ስንት ነጥብ?

ለቤትህ ቴሌቪዥን ስትገዛ ነገሩ ቀላል ነው። ታይዋን የሚባለው ገበያ ትወርዳለህ፣ ትከራከራለህ፣ ባጃጅ ላይ ጭነህ ትመለሳለህ። ድሬዳዋ በዚህ ስሟ የቆየ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ከደረሰ ወዲህ ከተማዋ የዕቃ በር ሆና ኖራለች። ከመሀል አገር ድረስ ሬዲዮና ካሴት ሊሸምት የሚመጣ ሰው ነበር። መሥሪያ ቤት ሲገዛ ግን ሌላ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ደረሰኝ፣ ማኅተም። ከሦስቱ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል።

እኔ የምሠራው አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ነው። መደቤ የኮምፒውተር ጥገና ቢሆንም ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ማቀዝቀዣ፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ የዳይሬክተሩ የስልክ ቻርጀር ሳይቀር።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የዓለም ዋንጫ በኳታር ሊጀመር ነው። የኳታር ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ በሥራ ሰዓት ላይ የሚውሉት ጨዋታዎች የሚጀመሩት ከቀኑ በ7 እና በ10 ሰዓት ነው። የ7ቱ ምሳ ሰዓት ላይ ይውላል፤ ስለ 10 ሰዓቱ ባንነጋገር ይሻላል። በሠራተኛው ክበብ ያለው ቲቪ ግን ያ ሆዱ የተነፋው 21 ኢንች ነው። አንድ ጥጉ አረንጓዴ ከሆነ ቆይቷል። "ሜዳውም አረንጓዴ ነው፣ ለኳስ ምን አለው?" የሚሉ አልጠፉም።

ሠራተኛው ተፈራርሞ ጠየቀ። ዳይሬክተሩ ፈቀዱ። ግዥ ክፍል ስፔስፊኬሽን አወጣ፦ "ቴሌቪዥን፣ 43 ኢንች፣ ስማርት፣ ጥራት ያለው"። በቃ፣ ይኸው ነው። ፕሮፎርማ ለሚሞላ ነጋዴ ይህ "እንደፈለግህ ጻፍ" ማለት ነው። እነሱም እንደፈለጉ ጻፉ። አንዱ "ፉል ኤችዲ" አለ። አንዱ "ኤልኢዲ" ብሎ ዝም አለ። ሦስተኛው "ፎር ኬ" አለ። ከሁሉም የረከሰው ደግሞ ፎር ኬው ሆነ። ከፉል ኤችዲው ጋር ያለው ልዩነት ምሳ አይጋብዝም፤ ግን ረከሰ። ኮሚቴው ደስ አለው።

ደስ ከማለቱ በፊት አንድ ሰው ሊጠራጠር ይገባ ነበር። ፎር ኬ በወርድ 3840፣ በቁመት 2160 ነጥብ (ፒክስል) ያለው ስክሪን ነው። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080 ነው። የነጥቡ ብዛት አራት እጥፍ ይለያያል። አራት እጥፉ ከአንድ እጥፉ እንዴት ይረክሳል?

ዕቃው የመጣው ዓርብ ከሰዓት ነው። መክፈቻው እሑድ ማታ። ሱቁ የላከው ልጅ ካርቶኑን ቀደደ፣ የቲቪውን እግር አሰረ፣ ጠረጴዛ ላይ አቆመው፣ ከአሮጌው ቲቪ የነቀለውን ሽቦ አዲሱ ላይ ሰካ። ክበቡ ጢም ብሏል። ቲቪው በራ።

አቤት ያየነው ጉድ! ዜና አንባቢዋ ፊቷ ተለጥጦ፣ ትከሻዋ ሰፍቶ። ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍ የማይነበብ። ቀለሙ ዓይን ይወጋል። "ፌክ ነው!" አለ አንዱ ከኋላ። "አቦ፣ የድሮው በስንት ጣዕሙ!" አለ ሌላው። ከዚያ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ "ኮሚሽን ተበልቶበታል" የሚል ወሬ ዞረ። የግዥ ኃላፊው ሰምቷል። ድሬ እንኳ ቀዝቀዝ በምትልበት በኅዳር ግንባሩን ላብ አቸፈው።

ከቲቪው ኋላ ዞሬ አየሁ። ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ። ያ ሦስት ቀለም ያለው የድሮ ሽቦ ነው። ቀይና ነጩ የድምፅ ናቸው። ምስሉ የሚያልፈው በቢጫው ብቻ ነው፤ የሚያልፈውም ቢበዛ 576 መስመር ነው። ያንን ትልቅ ስክሪን ላይ መዘርጋት የአንድ ኪሎ ዱቄት እንጀራ ለሠርግ እንደ ማብቃቃት ነው። ሪሲቨሩ ግን ኤችዲ ነው፣ አምና የተገዛ። ጥራት ያለውን ምስልና ድምፅ በአንድ ሽቦ የሚያሳልፈው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ማንም ሳይነካው አቧራ ጠጥቷል።

"ይሄ ሪሲቨር ሲገዛ ኤችዲኤምአይ ሽቦ አብሮት አልመጣም?" ስል ሰዉ ሁሉ ወደ እትዬ ዞረ።

እትዬ ንብረት ክፍል ናቸው። ጡረታቸው ደርሷል። በእሳቸው ዘመን ከግምጃ ቤት አንዲት ስቴፕለር ጠፍታ አታውቅም ይባላል። ሄደው ፕላስቲኩ ያልተከፈተ ሽቦ ይዘው መጡ። ከመስጠታቸው በፊት ሞዴል 22፣ የዕቃ ወጪ ቅጹን፣ አስፈረሙኝ። ለአንድ ሜትር ተኩል ሽቦ!

የቀረው ሥራ ብዙም አልፈጀም። ሽቦውን ቀየርኩ። ሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ገብቼ የምስሉን መጠን ከ576 ወደ 1080፣ ቅርፁን ከ4፡3 ወደ 16፡9 አደረግሁ። ዜና አንባቢዋ ከሳች። ቲቪው ደግሞ በሱቅ ሞድ ላይ ነበር። ሱቅ ውስጥ ከጎኑ ካሉት ጎልቶ እንዲታይ ብርሃኑና ቀለሙ እስከ ጥግ ይለጠጣል። ወደ ቤት ሞድ መለስኩት። ሻርፕነስ የሚሉትንም ዝቅ አደረግሁ፤ እሱ ከፍ ሲል በሰው ፊት ዙሪያ ነጭ መስመር ያሰምራል እንጂ ጥራት አይጨምርም።

ክበቡ አጨበጨበ። "ፌክ ነው" ያለው ሰውዬ ከሁሉም ቀድሞ። ርካሽ ቲቪ ገዝቶ የሚያማርር ሰው ቤት ስሄድ ብዙ ጊዜ የማገኘው ይህንኑ ነው። ዕቃው ይሰደባል፣ ጥፋቱ የሽቦው ነው።

እትዬ ግን አላጨበጨቡም። የሞዴል 19፣ የዕቃ መረከቢያ ቅጽ፣ ጥራዛቸውን ይዘው አጠገቤ ቆመዋል።

"ጨረስክ?" አሉኝ።

"ጨርሻለሁ እትዬ። ይሠራል።"

"መሥራቱንማ አየሁ። ፕሮፎርማው ፎር ኬ ይላል። ፎር ኬ ነው?"

"ካርቶኑ ላይ ተለጥፏል እኮ!" አለ የሱቁ ልጅ ፈጠን ብሎ።

"እኔ ካርቶን አልረከብም ልጄ።"

ፎር ኬ ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። 3840 በ2160፣ ሲባዛ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥብ። ዝም ብለው ሰሙኝ።

"ታዲያ ቁጠረው" አሉ።

ክበቡ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ፈገግም አላሉ። "ወንበር ስረከብ ቆጥሬ ነው። እስክሪብቶም ቆጥሬ ነው። ይሄ በነጥብ ከተሸጠ በነጥብ ይቆጠራል።"

መጀመሪያ ላፕቶፕ አምጥቼ ሰካሁ። ላፕቶፑ ቲቪውን 3840 በ2160 ብሎ አነበበው። የሱቁ ልጅ "ይኸው!" ብሎ ዘለለ። ይህ ግን ማስረጃ አይሆንም። ሽቦው ሲሰካ ቲቪው ለላፕቶፑ "እስከዚህ ድረስ እቀበላለሁ" ብሎ ይነግረዋል። መቀበል ሌላ፣ ማሳየት ሌላ። የፎር ኬ ምስል ተቀብሎ፣ ውስጥ ለውስጥ አሳንሶ፣ በ1080 ስክሪን የሚያሳይ ቲቪ ገበያው ላይ አለ። ካርቶኑን ገልብጬ ሳየው ከፊት የተለጠፈው "ፎር ኬ" ጎኑ ላይ በደቃቅ ፊደል "ፎር ኬ ይቀበላል" ሆኗል። ስክሪኑ ራሱ ስንት ነጥብ እንዳለው የትም አልተጻፈም።

ከዚያ የእትዬ ነገር ትክክል መሆኑ ገባኝ። መቁጠር ይቻላል። 8 ሚሊዮን መቁጠር ደግሞ አያስፈልግም። 43 ኢንች የሚባለው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ተለክቶ ነው። ቅርፁ 16፡9 ከሆነ ወርዱ ወደ 95 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። 3840ን ለ95 ስታካፍል በአንድ ሴንቲ ሜትር 40 ነጥብ ያህል ይደርሳል። 1920ን ስታካፍል 20።

ይህን ስነግራቸው እትዬ ከጥራዙ መሀል ማስመሪያ መዘዙ። ስክሪኑን ነጭ አደረግሁት። ማስመሪያውን ቀስ ብለው አስጠጉ፣ እኔ በስልኬ ቀርቤ ፎቶ አነሳሁ። ፎቶው ሲጎላ ነጥቦቹ ተራ በተራ ይታያሉ። እያንዳንዱ ነጥብ ጎን ለጎን የቆሙ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቁራጮች ነው፤ ሦስቱ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። በእስክሪብቶ ጫፍ እያመለከቱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆጠሩ።

"ሃያ።"

ደግመው ቆጠሩ።

"ሃያ ነው።"

የሱቁ ልጅ አለቃውን ደወለለት። ባለሱቁ በስፒከር ገባ። "ወንድሜ፣ ልዩነቱ በዓይን አይታይም! ማን ያየዋል?"

በዚህ በኩል ሰውዬው አልዋሸም። ጤነኛ ዓይን ከሦስት ሜትር ላይ ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የዚህ ስክሪን አንድ ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። የክበባችን ወንበር ደግሞ ከሦስት ሜትርም ይርቃል። በዲሽ ከሚገቡልን ቻናሎች አብዛኞቹ ከ1080 አይዘሉም። ለእኛ ፉል ኤችዲ ከበቂ በላይ ነው። ለኮሚቴውም ይህንኑ ነገርኳቸው። ግን ፉል ኤችዲ ብለን ጽፈን ቢሆን ሦስቱም ሱቅ በአንድ ዓይነት ዕቃ ይወዳደሩ ነበር። አሁን ፉል ኤችዲ አለኝ ብሎ በሐቅ የጻፈው ሰው ተሸነፈ። ያሸነፈው ያንኑ ዕቃ በሌላ ስም የጻፈው ነው። ይህ የዓይን ጉዳይ አይደለም።

ሠራተኛው ግን ሌላ ጭንቅ ላይ ነው። "አቦ እትዬ፣ ይፈርሙልን! እሑድ እኮ ነው!"

"እሑድ ቤታችሁ እዩ።"

ኮሚቴው እዚያው ሻይና ሙሸበክ እየቀረበለት ተሰበሰበ። ይሰረዝ ብሎ መጀመሪያ እጁን ያወጣው የግዥ ኃላፊው ነው። ኮሚሽን በላ የተባለው ሰው ማለት ነው። ግዥው ለሁለተኛው፣ ፉል ኤችዲ ላለው ሱቅ ተላለፈ። ልጁ ካርቶኑን መልሶ ባጃጅ ላይ ጫነ። አሳዘነኝ፤ እሱ የተላከ ነው።

መክፈቻው አመለጠን። የሰኞውም አመለጠን። ማክሰኞ ጠዋት አዲሱ መጣ። እትዬ ማስመሪያቸውን ይዘው ቆጠሩ። ሃያ። ፈረሙ።

"ያው ሃያ ነው እኮ እትዬ! ለዚህ ነው ያስጠበቁን?" አለ ያ ከኋላ የሚጮኸው።

"ወረቀቱም ሃያ ነው የሚለው" ብለው ጥራዛቸውን ዘጉ።

ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ብራኬት ከመግዛቴ በፊት በቲቪው ጀርባ ያሉትን አራት የብሎን ቀዳዳዎች ለካሁ፤ 200 በ200 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ሳይለኩ ብራኬት ገዝተው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ሰዉ ቲቪው በመስኮቱ ትይዩ ይሁን ብሎ ነበር። የክበቡ መስኮት ወደ ምዕራብ ነው። የድሬ የ10 ሰዓት ፀሐይ ስክሪን ላይ ከወደቀች ፎር ኬም ይሁን ምን መስታወት ነው የምታየው። የጎኑን ግድግዳ መረጥኩ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸር አይይዝም፤ ኮንክሪት ያለበትን ቦታ እያንኳኳሁ ፈልጌ በሳሁ። መጨረሻ ላይ ቲቪ ጋርድ አስገዛሁ፤ ቮልት ሲዛባ መብራቱን ከቲቪው የሚቆርጥ ነው። 220 መሆን ያለበት ቮልት አንዳንድ ቀን ከፍ ዝቅ ሲል አምፖሉ ራሱ ይናገራል። ርካሽ ቲቪን ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ይህ የቮልት መዛባት ነው።

የግዥ ኃላፊው ከዚያ ወዲህ ለቲቪ ግዥ የሚጽፈው ይህን ነው፦ "የስክሪኑ የራሱ ነጥብ 1920 በ1080፤ ቢያንስ ሁለት የኤችዲኤምአይ መግቢያ፤ የአንድ ዓመት ዋስትና፤ ሲረከቡ ተለክቶ የሚረጋገጥ"። የመጨረሻዋን ያስጨመሩት እትዬ ናቸው።

ያን ማክሰኞ በ7 ሰዓት አርጀንቲና ከሳዑዲ ዓረቢያ ነበር። ክበቡ ሞላ። ሜሲ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ፣ 1 ለ 0 ዕረፍት ወጡ። ከዕረፍት መልስ ገና እንደተጀመረ መብራት ድርግም አለ። ወዲያው ተመለሰ። ጋርዱ ግን መብራት ስለመጣ ብቻ አይለቅም፤ እስኪረጋጋ ደቂቃዎች ይቆጥራል። "ንቀለውና በቀጥታ ሰካው!" ብለው ጮኹብኝ። እንቢ አልኩ። ጋርዱ ለቀቀ፣ ቲቪው በራ፣ ሪሲቨሩ እየተንቀራፈፈ ተነሣ። ምስሉ ሲመጣ ከላይ በኩል 2 ለ 1 ይላል። ሳዑዲ እየመራ።

"አላልኳችሁም? ይሄም ፌክ ነው!" አለ ያው ሰውዬ።

ሁለቱን ጎሎች ያየናቸው ማታ ነው።