በቤት ውስጥ የችግኝ ድንኳን፦ እርጥበቱን መቆጣጠር

ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ አፓርታማ ውስጥ፣ መብራት በተገጠመለት የችግኝ ድንኳን ቲማቲምና ቃሪያ ለምታፈሉ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ደረቅ ስለሆነ፣ ዘሩ እስኪበቅል ትሪውን በላስቲክ ሸፍኑ። ቡቃያው ብቅ ሲል ላስቲኩን በአንዴ አትግፈፉት፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየገለጣችሁ በአራት አምስት ቀን አላምዱት። ከዚያ ከ60 እስከ 70 በመቶ የአየር እርጥበት ይበቃል። የእርጥበት መለኪያውን በቅጠሉ ቁመት ልክ ስቀሉት፤ መብራቱ አጠገብ ከሆነ ያሳስታል።

ችግኝ የሚያልቀው ግን በአብዛኛው በሌሊት ነው። መብራቱ ሲጠፋ ድንኳኑ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ብዙ ተን አይዝም። በ24 ዲግሪ 60 በመቶ የነበረው እርጥበት፣ ዝግ ድንኳን ውስጥ ወደ 17 ዲግሪ ሲወርድ፣ ጠብታ ውሃ ሳይጨመርበት 90 በመቶ ያልፋል። ግድግዳው ያልበዋል፣ የአፈሩ ገጽ አይደርቅም፣ የሚያበሰብሱት ተህዋስያን ይነሳሉ። ግንዱ አፈር በነካበት ቦታ እንደ ክር ቀጥኖ ይጠቁርና ይወድቃል። የወደቀው አይድንም፤ ከነአፈሩ አውጥታችሁ ጣሉት።

ስለዚህ ውሃ ጠዋት ብቻ፣ ከትሪው ሥር አጠጡ። ትንሽ ፋን ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ፤ ቅጠሉን በስሱ ካወዛወዘ በቂ ነው። የላይኛውን መተንፈሻም ክፈቱ።

በክረምት ብዙ ሰው እርጥበት ይገባል ብሎ መስኮት ይዘጋል። ተገቢ አይደለም። ውጭ 12 ዲግሪና 90 በመቶ የሆነ አየር ድንኳን ገብቶ 22 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 50 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ዝናብ እየጣለም ቢሆን አየር አስገቡ፣ ድንኳኑን ግን አሙቁት።