ሶርል-1 በመጨረሻ ገባኝ

ለሦስት ሳምንት ያስቸገረኝ ሶርል-1 የሚባለው ጂን ባለፈው እሁድ ማታ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ደስታዬን ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ አልቻልኩም።

ከአልዛይመር (ከመርሳት በሽታ) ጋር የተያያዙ ጂኖችን ማጥናት ከጀመርኩ አምስት ወሬ ነው። እንደ ብዙው ሰው ተጋላጭነትን በመጨመር በጣም በታወቀው የጂን ዓይነት፣ በአፖኢ-4 ጀመርኩ። ቀጥሎ ፒካልምና ቢን-1 መጡ። ሁለቱም ሴል ከውጭ ያለውን ነገር በትንሽ ከረጢት ጠቅልሎ ወደ ውስጥ በሚያስገባበት ሥራ ላይ እጃቸው አለበት። እስከዚህ ብዙም አልከበደኝም።

ሶርል-1 ላይ ስደርስ ግን ቀጥ አልኩ። ይህ ጂን የሚያሠራው ፕሮቲን ሶርላ ይባላል፤ ኤፒፒ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ይዞ ያጓጉዛል። በሕመምተኞች አንጎል ውስጥ የሚጠራቀመው አሚሎይድ ቤታ ደግሞ ተቆርጦ የሚወጣው ከኤፒፒ ነው። ታዲያ አጓጓዡ ሲበላሽ አሚሎይዱ መቀነስ አልነበረበትም? ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ጂኑን ከሥራ ውጭ የሚያደርጉ ብርቅዬ ለውጦች ያሉባቸው ሰዎች ለበሽታው ይበልጥ ይጋለጣሉ። ደጋግሜ አነበብኩ፤ ወይ ፍንክች!

የገላገለኝ ወረቀትና እርሳስ ነው። የሴሉን ጠርዝ፣ ኢንዶዞምን (ከውጭ የገባው ነገር መጀመሪያ የሚደርስበትን ከረጢት) እና ጎልጂን (ፕሮቲን ተዘጋጅቶ የሚላክበትን የሴል ክፍል) ሣልኩ። «ኤፒፒ» ብዬ የጻፍኩበትን ብጣሽ ወረቀት በጣቴ እየገፋሁ ከጠርዙ ወደ ኢንዶዞም አስገባሁት። ኢንዶዞም ውስጡ አሲዳማ ነው። ቤታ ሴክሬቴዝ የሚባለው ቆራጭ ኢንዛይም ደግሞ አሲዳማ ቦታ ይስማማዋል። ብጣሿ እዚያ በቆየች ቁጥር የመቆረጥ ዕድሏ ይጨምራል። ሶርላ ሬትሮመር ከተባለው የፕሮቲን ቡድን ጋር ሆኖ ኤፒፒን ከዚያ ያወጣዋል፤ ወደ ጎልጂ ወይም ወደ ሴሉ ገጽ ይመልሰዋል። ሶርላ ሲጎድል ኤፒፒ እዚያው ይቀራል፣ ይቆረጣል። ለካ «ያጓጉዛል» ሲባል ከየት ወዴት ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም!

የጂን ስም መሸምደድ ጊዜ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። ቪዲዮ ብቻ ማየትም ያው ነው፤ እጅ ካልሠራ አይገባም። እውነቱን ለመናገር እኔም የመጀመሪያውን ወር ስሞችን ካርድ ላይ ስገለብጥ ነው ያሳለፍኩት። የስታቲስቲክሱንም ክፍል እስካሁን እየዘለልኩ ነው የማነበው፤ ይህን እንዳትከተሉኝ።

ብጣሿን ደብተሬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። በዚህ ሳምንት ቪፒኤስ-35ን እሥላለሁ፤ የሬትሮመር ዋና ምሰሶ እሱ ነው።