ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?

እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ልጆቹ ተኝተዋል። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑ፣ የቀዘቀዘ ሻይና የመምህር የስም መጥሪያ ደብተር አለ። የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አረጋውያን የምንቀበልበት ትንሽ ማኅበር አለን፤ ነገ ገንዘብ ለሰጠን አንድ ፋውንዴሽን የዓመቱን ሪፖርት ማስገባት አለብኝ። ሁሉንም ሞልቼ አንድ ሣጥን ቀርቶኛል። «በፕሮግራሙ የተጠቀሙ ሰዎች ብዛት» ይላል። ደብተሩ 31 ነው የሚለው። እኔ የማውቃቸው ደግሞ 23 ናቸው። የስምንቱን ነገር ቆይቼ አወራዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በእማዬ ነው። መጋቢት 5 ቀን 2009፣ ማክሰኞ። በእዚህ አገር አቆጣጠር ማርች 14 ቀን 2017 መሆኑ ነው። ጠዋት የጣለው በረዶ ገና አልቀለጠም። ሐኪሙ ፊት ለፊታችን ተቀምጧል፤ አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ድምፁ ከጠረጴዛው ላይ ይወጣል። የማስታወስ ፈተና ነው፣ ከ30 የሚታረም። ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው? «ሁለት ሺህ ዘጠኝ» አለች። ወሩስ? «መጋቢት።» ቀኑስ? እማዬ ሐኪሙን ታዘበችው። «አምስት ነዋ! የመጋቢት አቦ እኮ ነው ዛሬ።» ወቅቱስ? «በጋ።» አስተርጓሚው ሳይጨምር ሳይቀንስ «ሰመር» ብሎ አስተላለፈው። ሐኪሙ በመስኮቱ በረዶውን አየት አደረገና ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ጊዜን ከሚመለከቱት አምስት ጥያቄዎች ያገኘችው ወሩንና ማክሰኞን ብቻ ነው።

በባሕረ ሐሳብ ብናስበው አንዱንም አልሳተችም። በጋ እስከ መጋቢት 25 ነው። ይኼንን ላስረዳው ሞከርኩ፤ ፈገግ ብሎ አለፈኝ። ግን ልዋሽ አልፈልግም። መጀመሪያ ላይ የነገራትን ሦስት ቃላት ከደቂቃዎች በኋላ ሲጠይቃት አንዱም አልመጣላትም። በሽታው ነበረባት። የጣላት ግን ግማሹ በሽታው፣ ግማሹ ካላንደሩ ነው።

ቤት አስታመምናት። ሰው ሲጠይቀን «ትንሽ ጃጅታ ነው» እንል ነበር። ዲሜንሺያ፣ የመርሳት በሽታ፣ የሚለውን ቃል ስንናገር እኔም እህቴም ድምፃችንን እንቀንሳለን፤ አንዳች ነውር የሠራን ይመስል። ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ማኅበሩን ያቋቋምነው ከአርባዋ በኋላ ነው፣ እንደኛው ሲያስታምሙ ከነበሩ አራት ቤተሰቦች ጋር። ሥራችን ቀላል ነው። በየቅዳሜው ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አባቶችና እናቶች እንቀበላለን። ቡና ይፈላል፣ ምስር ይለቀማል፣ ይዘፈናል፣ ይጸለያል። ያችን አራት ሰዓት አስታማሚው የፈለገውን ያደርግባታል። አንዷ ልጅ የትም አትሄድም። ፓርኪንጉ ላይ መኪናዋ ውስጥ ወንበሩን ዘርግታ ትተኛለች። ሁልጊዜ።

ለዚህ ገንዘብ ያስፈልጋል። አዳራሹ ይከፈልበታል፣ መድን አለ፣ መጓጓዣ አለ፣ የሠለጠነች አንዲት ረዳት ነርስ አለች። ከኪሳችን እያዋጣን አንድ ዓመት ሄድን። ከዚያ ግራንት የሚሉትን የማይመለስ የድጋፍ ገንዘብ «ፈልጊ» ተባልኩ። ቀን ቀን ሆስፒታል የሂሳብ ክፍል ስለምሠራ ወረቀት ይገባታል ብለው ነው።

የመጀመሪያው ማታ ኮምፒውተሩ መዓት ዝርዝር ሲያወጣልኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። አንድ በአንድ ሳነበው አብዛኛው የላቦራቶሪ ነው። የአሜሪካ መንግሥት አልዛይመር ለሚባለው የመርሳት በሽታና ለመሰሎቹ ምርምር በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። ያውጣ፤ መድኃኒቱ ይገኝ። ዛሬ ታመው ቤት ላሉት አገልግሎት የሚመድበው የፌዴራሉ የአልዛይመር ፕሮግራም ግን በዓመት 30 ሚሊዮን ገደማ ነው። በፈረንጅ 2018 መጨረሻ የተፈረመ ቦልድ የሚባል ሕግም አለ። ስሙን ሳይ ልቤ ሞቆ ነበር፤ ገንዘቡ የሚሄደው ለጤና ቢሮዎች ነው። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን በጁላይ 2024 የጀመረው ጋይድ የተባለ የሙከራ ፕሮግራም ደግሞ አስታማሚ እንዲያርፍ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ይከፍላል። እሱም በሕክምና ድርጅቶች በኩል ነው። እንደኛ ያለ ማኅበር ከተመዘገበ ክሊኒክ ጋር ተዋውሎ ነው የሚገባበት። ይኼኛውን ገና እየሞከርነው ነው።

ዓይኔን የከፈተልኝ ግን አንድ የታክስ ቅጽ ነው፤ 990-ፒኤፍ ይባላል። የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ ያስገቡታል፣ ለሕዝብም ክፍት ነው። ለማን ስንት ብር እንደሰጡ በስም በስም ተዘርዝሮበታል። ሕጉ በየዓመቱ ከሀብታቸው 5 በመቶ ያህል እንዲያወጡ ያስገድዳቸዋል። እኔ እስከዚያ ድረስ ልመና መስሎኝ እሸማቀቅ ነበር። ለካ እነሱም መስጠት ግዴታቸው ነው! ፕሮፐብሊካ ድረ ገጽ ላይ ቅጾቹ በነፃ ይገኛሉ። ካንዲድ የሚባለው ድርጅት ያለው የፋውንዴሽኖች ማውጫ ሲከፍሉበት ውድ ነው፤ ከድርጅቱ ጋር በሚሠሩ ቤተ መጻሕፍት ግን ገብቶ በነፃ ማየት ይቻላል። ሦስት እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚያ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ ድረ ገጻቸው ላይ የጻፉትን ማመን ትቻለሁ። አንዱ ፋውንዴሽን «ስደተኛ ማኅበረሰቦችን እንወዳለን» ብሎ የፈገግታ ፎቶ ለጥፏል። ቅጹን ሳየው አምስት ዓመት ሙሉ የሰጠው ለአንድ ዩኒቨርሲቲና ለአንድ የባሌት ቡድን ነው። ሌላው ድረ ገጽ እንኳ የለውም። እሱ ግን እዚሁ አካባቢ ለአረጋውያን ማዕከል፣ ለምግብ አዳይ፣ ለመስማት የተሳናቸው ማኅበር አምስት ሺህም አሥር ሺህም ሰጥቷል። የኛ ሰው እሱ ነው። አሁን የማጣራው በዚህ ነው፦ ለትንንሽ ይሰጣል ወይ፣ እዚህ ሰፈር ይሰጣል ወይ፣ ለአዲስ ሰው ይሰጣል ወይ።

የወረቀቱን ጣጣ ባጭሩ ልለፈው። ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ የሚባለውን የበጎ አድራጎት ፈቃድ በአጭሩ ቅጽ በ275 ዶላር አወጣን፤ በዓመት ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ገቢ ለሚጠብቅ ይበቃል። ፈቃዱ ከወጣ በኋላ የምትሞላ ፖስትካርድ የምታህል ዓመታዊ ቅጽ አለች። ሦስት ዓመት በተከታታይ ካልተሞላች ፈቃዱ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል። የማውቀው አንድ የአበሻ ማኅበር እንዲያ ሆኖበታል፤ ቀድሞ የነበረው ሰውዬ የይለፍ ቃሉን ይዞ ቴክሳስ ሄደ። የፌዴራል ገንዘብ ለሚፈልግ ሳም በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ መመዝገብ ግድ ነው፤ ነፃ ነው። «በ600 ዶላር እናስመዘግባችሁ» የሚል ደብዳቤ ከመጣ መቅደድ ነው። ከሚገኘው ላይ 15 በመቶ ውሰዱልኝ ብሎ የመጣ «ባለሙያ»ም ነበር። የሙያው ማኅበራት ደንብ ራሱ በፐርሰንት መሥራትን እንደሚከለክል ያወቅሁት በኋላ ነው። ደግነቱ ገንዘብ ያዣችን በጣም ቆጣቢ ነው።

የገንዘብ ያዣችን ነገር ሲነሣ ያ ቀን ትዝ ይለኛል። የመጀመሪያው ማመልከቻችን ነበር። የቀረችን አንዲት የቦርድ ፊርማ ያለባት ደብዳቤ ናት፣ እሷም እሱ ጋ ናት። ጠዋት ደወልኩለት። «ዛሬ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ መግባት አለበት» አልኩት። «ችግር የለም» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ ዋለ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደብዳቤውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ በሩን አንኳኳ። ገና ሁለት ሰዓት ይቀረናል ብሎ ኮራ ብሏል። የኔ አምስት ሰዓት የፈረንጅ ነበር፣ በኛ አሥራ አንድ። የማመልከቻው ድረ ገጽ ከተዘጋ አራት ሰዓት አልፎታል። ምን እለዋለሁ? በአማርኛ እያወራሁ በእንግሊዝኛ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። እራት አቀረብኩለት። እማዬን በካላንደር፣ እኛን በሰዓት ጣሉን እያልን ሳቅን፤ እኔ ግን እሱ ከሄደ በኋላ አለቀስኩ።

በዓመቱ ያንኑ ፋውንዴሽን እንደገና ሞከርን። አሁን ብልጥ ሆኛለሁ፤ ከማመልከቴ በፊት ስልክ ደወልኩ። ማመልከቻ የምታይ ሴትዮ ደግ ነበረች። ችግሩን አብራራሁላት። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆኑት መካከል ከ7 ሚሊዮን በላይ አልዛይመር አለባቸው አልኳት። ጥቁር አሜሪካውያን አረጋውያን ከነጮቹ በእጥፍ ገደማ ይያዛሉ አልኳት። በትዕግሥት ሰማችኝና «እሱን እኔም አነበዋለሁ፤ እናንተ ጋ በሳምንት ስንት ሰው ይመጣል?» አለችኝ። «ብዙ» አልኳት። ዝም አለች። «ስንት ነው ብዙ?»

አላውቅም ነበር። ማወቅም ቀላል አልነበረም። ለመመዝገብ ሞክረን ነበር፤ ሰው ፊርማ ሲባል ይሸሻል። አንዱ ኢሚግሬሽን ይመስለዋል። ሌላው «የእናቴ ስም የእብድ መዝገብ ላይ አይጻፍም» አለኝ ፊት ለፊቴ። አልፈረድኩበትም፤ እኔ ራሴ «ጃጅታ ነው» ስል አይደል የኖርኩት። አንዲቱ ልጅ በስም ቦታ «እማማ» ብላ ጽፋ ሄደች። በዚህ ዓይነት ሪፖርት ላይ አራት እማማ ነበሩን።

ያዳኑን መምህር ናቸው። ደብረ ማርቆስ ረጅም ዘመን አስተምረዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃቸው ታመጣቸዋለች። መጀመሪያ ሲመጡ ጥግ ይዘው ይቀመጡና «መቼ ነው የምንሄደው?» ይሉ ነበር፤ በየአምስት ደቂቃው። አንድ ቀን ባዶ ደብተር ጠረጴዛ ላይ ትቼ ነበር። አነሡት። ተነሥተው ቆሙ። ኮታቸውን ቆለፉ። መስመር አሰመሩበት፣ በማስመሪያ ሳይሆን በመዝሙር መጽሐፍ ጠርዝ። ከላይ ቀኑን ጻፉ። ከዚያ ሁሉንም በየተራ ስም እየጠየቁ መዘገቡና ስም መጥራት ጀመሩ።

ፊርማ ሲባል የሸሹት ሁሉ «አቤት!» አሉ። ልጃቸውን የማይለዩ እናት እጃቸውን አውጥተው «አቤት መምህር!» አሉ። አስታማሚዎቹ በር ላይ ቆመው ነበር። አንዳቸውም «አትመዝግቡ» አላሉም። ስም ጥሪ ሌላ ነገር ነው።

ዘጠኝ ወር ሙሉ አንድ ቅዳሜ አላመለጣቸውም። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የመጣ ምልክት ✓፣ ያልመጣ «ቀረ»። ወደ ፈረንጅ ቀን የምለውጠው እኔ ነኝ፣ ማታ ማታ። በዚያ ደብተር 15,000 ዶላር አገኘን። ሴትዮዋ በኋላ የነገረችኝ የጻፍኩት የችግር መግለጫ ብዙም ትዝ አይላትም። ትዝ ያላት የደብተሩ ገጽ ፎቶ ነው።

ያ ገንዘብ አንድ ጊዜ በቼክ መጣ። ከዚያ ቀጥሎ ካውንቲው፣ የአካባቢያችን አስተዳደር፣ የሰጠን ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ መጀመሪያ አውጡ፣ ደረሰኝ አምጡ፣ ከዚያ ይመለስላችኋል። ባዶ ካዝና ይዞ ምን ይወጣል? ዕቁባችን ደረሰልን። ዳኛዋ አባላቱን አነጋግራ የመጀመሪያውን ዕጣ ለማኅበሩ አሰጠችን። የአሜሪካ ካውንቲ ደረሰኝ እስኪመረምር ሁለት ወር ተኩል በዕቁብ ገንዘብ ኖርን።

አሁን ስምንቱ። ሰኔ አካባቢ ደብተሩ ላይ የማላውቃቸው ስሞች ብቅ አሉ። መምህር እነሱንም ይጠራሉ። መልስ የለም። ቀና ብለው አዳራሹን ያያሉ፣ «ቀረ» ይጽፋሉ። ዝምድና ያላቸው አዲስ መጪዎች መስለውኝ ልጃቸውን ጠየቅኋት። አየችና አፏን ያዘች። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው ናቸው፣ ደብረ ማርቆስ፣ ከስንት ዓመት በፊት። አንዳንዶቹን እሷም በዝና ታውቃቸዋለች። ሁለቱ በሕይወት የሉም። በየሳምንቱ ይጠራሉ፣ በየሳምንቱ ይቀራሉ። ባለፈው ወር አንዱ ላይ «አባቱን ይዞ ይምጣ» ብለው ጽፈዋል።

ልሰርዝ እርሳስ አንሥቼ ነበር። ተውኩት። ደብተሩ የሳቸው ነው።

ሣጥኗ ውስጥ 23 ብዬ ሞላሁ። ነገ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ትገባለች። ለገንዘብ ያዣችንም ጽፌለታለሁ፦ አሥራ አንድ፣ በኛ።

ትናንት አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሳስተካክል መምህር ደብተራቸውን ይዘው ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ኅዳር 13፣ የሚካኤል ማግስት።»

«ዓመተ ምሕረቱስ?»

«2018።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ጻፉ።

«ጎበዝ። ተቀመጪ።»