ዳኛዋ ያላዩት ፎቶ

ሜሪላንድ ውስጥ ቤቴ ጣሪያ ላይ 9 ኪሎዋት ሶላር አስተከልኩ። የመጀመሪያው ጥፋቴ የመብራት ኩባንያውን ፈቃድ ሳልጠብቅ መጣደፌ ነው። ቆይቶ ደብዳቤ መጣ፦ የሰፈሩ ትራንስፎርመር አቅሙ 25 ኬቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ ነው) ስለሆነ አይችልም፣ ትልቅ ይግባልኝ ካልክ ወጪውን ራስህ ቻል። ፓነሎቹ ለወራት ሥራ ፈተው ተቀመጡ። አንድ የሰፈራችን ጋሼ ባዩኝ ቁጥር "ልጄ፣ ለጣሪያህ ጥላ ገዛህለት?" ይሉኛል።

በእንዲህ ያለ ነገር ቀጥታ ፍርድ ቤት አይኬድም። መጀመሪያ መብራትና ጋዝ አቅራቢዎችን ለሚቆጣጠረው የስቴቱ ኮሚሽን ነው አቤት የሚባለው። እኔም ስለ ፍትሕ ሁለት ገጽ ሙሉ አንጀት የሚበላ ነገር ጻፍኩ፤ ስለ ትራንስፎርመሩ ግን አንድ መስመር የለበትም፣ ኩባንያው ያለውን እንዳለ ተቀብያለሁ። ተሸነፍኩ። በዚያ ወረቀት እኔም ብሆን በራሴ ላይ እፈርድ ነበር።

ከኮሚሽኑ ውሳኔ በኋላ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ወደሚባለው የስቴቱ ፍርድ ቤት ለመሄድ 30 ቀን አለ። አቤቱታው አጭር ነው፣ ዋናው ክርክር የሚጻፈው የኮሚሽኑ መዝገብ ከደረሰ በኋላ ነው። ቤቱም ፓነሉም በስሜ ስለሆነ ራሴ ተከራከርኩ፤ በድርጅት ስም ቢሆን ኖሮ ጠበቃ መያዝ ግዴታ ነበር። ደግሞ አቤት ስላልክ ብቻ ውሳኔው አይታገድም፣ እግድ ለብቻው ይጠየቃል።

ክርክሩን እየጻፍኩ ሳለ አንድ ማታ ቆሻሻ ላወጣ ወጥቼ ቀና አልኩ። ምሰሶው ላይ ያለው ትራንስፎርመር ሆዱ ላይ በትልቁ 50 ተጽፎበታል! አቅሙ መሆኑ ነው። በስልኬ አነሳሁትና ከጽሑፌ ጋር አያያዝኩት፣ አለቀ ደቀቀ ብዬ።

ችሎት ላይ የኩባንያው ጠበቃ ብድግ አለና "ይህ ፎቶ መዝገቡ ውስጥ የለም" አለ። ዳኛዋ ወረቀቱን ገልብጠው አስቀመጡት። ለካ እዚያ ጉዳዩ እንደ አዲስ አይሰማም፤ የሚታየው ኮሚሽኑ ፊት በነበረው ማስረጃ ውሳኔው ያስኬዳል ወይ፣ ሕግስ ተጥሷል ወይ የሚለው ነው። ለአዲሱ ማስረጃ ሲባል ወደ ኮሚሽኑ ይመለስልኝ አልኩ። ለዚያም ቀድሞ ያላቀረብክበት በቂ ምክንያት ያስፈልጋል።

"ቁጥሩ እዚያ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?" አሉኝ።

"እኔ ቤቱን ሳልገዛ በፊት ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም።"

የኮሚሽኑ ውሳኔ ጸና።

አንድ ጠበቃ የሆነ ሐበሻ ወዳጄ ቡና ላይ ነገሩን ሰምቶ ሲስቅብኝ ቆየና "ኮሚሽኑ ጋ እያለህ ትራንስፎርመሩ አይችልም ያሉበትን የኩባንያውን ስሌት በጽሑፍ ስጡኝ ብለህ ነበር?" አለኝ። አላልኩም። ይግባኙን ተወውና ለኩባንያው አዲስ ማመልከቻ አስገባ አለኝ። ፎቶውን አንደኛ ገጽ ላይ አድርጌ ስሌቱንም በጽሑፍ ጠየቅኩ። ስሌቱ አልመጣም። የትራንስፎርመሩ ወጪ ጥያቄ ግን ቀረ፣ ቆጣሪውም ለሶላር በሚሆን ተቀየረልኝ።