መሪውን ሳልይዝ

አሜሪካ ውስጥ፣ አናፖሊስ ከተማ አጠገብ፣ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ፣ ባለ 27 ጫማ አሮጌ የሸራ ጀልባ የገዛሁ ጊዜ ቀኑን ሙሉ የመሪውን ዘንግ ታቅፌ እውል ነበር። ውኃ ልጠጣ ብዬ እጄን ካነሣሁ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራ፣ ሸራዎቿን እያርገበገበች ትቆማለች። ያደግሁት ጣና ዳር ነው፤ ነገር ግን ታንኳ ሸራም መሪም ስለሌለው ልጅነቴ ምንም አልረዳኝም።

መጀመሪያ ዘንጉን በገመድ ጠፍሬ አሰርሁት። አንድ ደቂቃ ያህል ቀጥ ብላ ሄደችና እንደ ልማዷ ዞረች። ጥፋቱ የመሪው ሳይሆን የሸራው መሆኑን እስክረዳ ወራት ፈጀብኝ።

ነፋስ ሸራዎቹን የሚገፋበት ኃይል አንድ ነጥብ ላይ ተሰብስቧል እንበል፤ ከጀልባዋ ሆድ ሥር ያለው ክንፍ ውኃውን የሚቋቋምበት ኃይልም እንዲሁ። የሸራው ነጥብ ወደ ኋላ በሸሸ ቁጥር አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ይሳባል። ስታዘነብል ደግሞ ግፊቱ ከጎኗ ወጣ ብሎ ስለሚያርፍ ይብስባታል። እኔ ሞኙ ያዘነበለች ጀልባ ፈጣን ትመስለኝ ነበር! በ15 ኖት (በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነፋስ ትልቁን ሸራ አንድ እጥፍ ሳሳጥረው ቀና አለች፤ ፍጥነቷም አልቀነሰም። የቀረውን ሸራ ሆዱ እንዳይነፋ ጠርዙን ወጠርሁ፤ ሸራውን ወደ ውስጥ የሚስበውን መሳቢያ ገመድ ጥቂት አላላሁ፤ የፊተኛውን ሸራ አልነካሁም። ከዚያ በኋላ ዘንጉን ለመያዝ ሁለት ጣት በቃኝ።

ሚዛኗ ፍጹም እንዲሆን ግን አልፈልግም። በጥቂቱ ወደ ነፋስ የምትሳብ ጀልባ መሪዋ ቢለቀቅ ዞራ ትቆማለች፤ ከነፋስ የምትሸሽ ግን ሸራዋ በድንገት ተገልብጦ የሰው አናት ሊመታ ይችላል።

የተረፈውን ሥራ ለገመድና ለላስቲክ ሰጠሁ። ከትልቁ ሸራ መሳቢያ ላይ ቀጭን ገመድ ስቤ ዘንጉን ወደ ነፋሱ ወገን እንዲጎትት አሰርሁት፤ በተቃራኒው ወገን ከሕክምና ዕቃ መደብር የገዛሁትን የላስቲክ ቱቦ አደረግሁ። ነፋሱ ሲበረታ ገመዱ ዘንጉን ይስባል፤ አፍንጫዋም ከነፋሱ ይርቃል። ሲረግብ ላስቲኩ ይመልሰዋል። ትክክለኛውን ውጥረት ያገኘሁት ሦስት ዓይነት ቱቦ ከሞከርሁ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ብቻውን ዓለምን የዞረው ጆሹዋ ስሎከም በሕንድ ውቅያኖስ ወዳሉት ኮኮስ ደሴቶች በተጓዘባቸው 23 ቀናት መሪውን የያዘው ከሦስት ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ እንደነበር ጽፏል። የእርሱ ጀልባ የሆዷ ክንፍ ከፊት እስከ ኋላ የረዘመ ነበር፤ የእኔዋ ክንፏ አጭር ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ስትሰጠኝ አመሰግናታለሁ።

አንድ ቅዳሜ በምዕራብ ነፋስ ወደ ደቡብ እየሄድሁ መጽሐፍ ገለጥሁ። እንዲህ የታሰረች ጀልባ የምትከተለው ነፋሱን እንጂ ኮምፓሱን አይደለም፤ ይህን አውቀው ነበር፤ ዘነጋሁት። ነፋሱ ቀስ ብሎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲዞር እርሷም በታማኝነት አብራው ዞረች። ቀና ስል የምሥራቁ ዳርቻ ዛፎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ወዲያው ክንፉ ጭቃ ውስጥ ገባ። አሁን በየአሥር ደቂቃው ኮምፓስ አያለሁ። ያን ቀን ግን እስኪመሽ ተቀምጬ 30 ሴንቲ ሜትር የማትሞላ የባሕር ሙላት ጠበቅሁ፤ ገመዱና ላስቲኩም የቆመችውን ጀልባ አቅጣጫ ሲጠብቁ ዋሉ።