ሃምሳ ለመድፈን የጓጓሁበት ዓመት

ዘንድሮ በብስክሌት ውድድር ከ50 እስከ 54 ዓመት ያለው ምድብ ውስጥ ገባሁ። ዘመዶቼ «አንተም ሃምሳ ልትደፍን ነው?» ሲሉኝ ከንፈር መምጠጥ ነው የሚቀራቸው። እኔ ግን ይሄን ዓመት በጉጉት ስጠብቀው ነው የቆየሁት።

እዚህ አሜሪካ በአገር አቀፉ የማስተርስ (የአንጋፋ ተወዳዳሪዎች) ሻምፒዮና ተወዳዳሪው ከ35 ዓመት ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ ይመደባል። ከ35 እስከ 39፣ ከ40 እስከ 44 እያለ ይቀጥላል። የሚቆጠረው በውድድሩ ቀን ያለህ ዕድሜ ሳይሆን ዲሴምበር 31 ላይ የሚኖርህ ዕድሜ ነው። እኔ የኅዳር ልጅ ነኝ። ስለዚህ ገና 49 ዓመቴ ሳለ፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ እንደ ሃምሳ ዓመት ሰው እወዳደራለሁ።

ለእኛ ለሐበሾች ደግሞ ነገሩ ሌላ ጣጣ አለው። አብሮኝ ብስክሌት የሚነዳ አብሮ አደግ አለኝ። ሁለታችንም የተወለድነው በ1968 ዓ.ም. ነው። እሱ ግን የየካቲት ልጅ ነው። ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲለወጥ፣ የእኔ ኅዳር ሰባት ዓመት ይደመርበትና 1975 ይሆናል፤ የእሱ የካቲት ደግሞ ስምንት ዓመት ይደመርበትና 1976። እሱ ከ45 እስከ 49 ባለው ምድብ ታላቅ ሆኖ ቀረ፤ እኔ የላይኛው ምድብ ታናሽ ሆንኩ። በሦስት ወር ልዩነት!

በዚህ ስፖርት ታናሽ መሆን ቀላል ጥቅም አይደለም። ባለፈው ዓመት ከ45 ዓመት ሰዎች ጋር ስወዳደር፣ ዳገት ላይ አንዱ አፈትልኮ ሲወጣ እከተለዋለሁ። ሁለተኛውንም እከተላለሁ። ሦስተኛው ሲወጣ እግሬ እምቢ ይላል። ጉልበቱ አለ፤ ትንፋሼ ግን ቶሎ አይመለስም። ስፖርት የማይሠራ ሰው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በየአሥር ዓመቱ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሳያቋርጥ የሚሠራ ሰው ቅነሳውን ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል፤ ጨርሶ ግን አያስቀረውም።

ፈረንሳዊው ሮቤር ማርሻን ሁሌም ትዝ ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከ100 ዓመት በላይ በሚለው ምድብ በአንድ ሰዓት 24.25 ኪሎ ሜትር ነዱ። በ2014 ተመልሰው መጡና 26.927 አደረሱት። የምትከታተላቸው ተመራማሪ ቬሮኒክ ቢያ ስትለካቸው፣ ከ101 እስከ 103 ዓመታቸው የኦክስጅን አቅማቸው በ13 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። በጃንዋሪ 2017፣ በ105 ዓመታቸው፣ ለእሳቸው ሲባል አዲስ ምድብ ተከፈተ። 22.547 ኪሎ ሜትር። ከውድድሩ በኋላ የአሥር ደቂቃ ቀረ ምልክቱን ሳላየው ቀረሁ እንጂ ፍጥነት እጨምር ነበር ብለው ተቆጩ። በ105 ዓመት የሚያስቆጭ ነገር መኖሩ ራሱ ያስቀናኛል። ያ ምድብ ባይኖር ማን ይለካቸው ነበር?

የሚያንገበግበኝ የትንንሽ ውድድሮች ነገር ነው። በቅርቡ የተወዳደርኩበት ቦታ «50 እና ከዚያ በላይ» ብሎ ሁላችንንም አንድ ላይ አጨቀን። መነሻው መስመር ላይ ከጎኔ የቆሙት ሰው ወደ ሰባ ይጠጋሉ። የፊት ጎማቸውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። ጀርባቸው ላይ ያለው ቁጥር ነፋስ እንዳያርገበግበው አራቱም ጥግ በእስፒል ተይዟል። ባታቸው ተላጭቷል፤ ደም ሥሩ እንደ ገመድ ተጋድሞበታል። እንደማንኛችንም ተዘጋጅተው ነው የመጡት። የመጀመሪያው ዙር ላይ አብረውን ነበሩ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ውጤቱ ሲለጠፍ ስማቸው ከታች ነው። ከእኩዮቻቸው ማንን እንደቀደሙ የሚናገር አንድ መስመር እንኳ የለም።

የአዘጋጆቹም ችግር ይገባኛል። መንገድ ማዘጋቱም፣ ፖሊሱም፣ አምቡላንሱም ገንዘብ ነው። የሰባ ዓመት ተወዳዳሪ ደግሞ ጥቂት ነው፤ ለብቻው ይነሳ ቢባል አያዋጣም። እሺ፣ አብረን እንነሳ። ውጤቱ ግን በየአምስት ዓመቱ ይለይ። ሰዓቱ ተመዝግቧል፣ የልደት ዓመቱም ምዝገባው ላይ አለ። ለዚህ ምንም ተጨማሪ ወጪ አያስፈልግም። ይሄንኑ ጽፌ ዛሬ ማታ እልክላቸዋለሁ። አብሮ አደጌም አብሬ እፈርማለሁ ብሏል።