አዝሙድና አዝሙድ ዘመድ አይደሉም

አክስቴ ባቱ ላይ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ሽንኩርት ታለማለች። አምና መደብ ላይ ከዘራችው ዘር ሲሶው ሽንኩርት አልሆነም። ሽንኩርት ሲበቅል አንድ ቀጭን ክር ሆኖ፣ እንደ ጉልበት ታጥፎ ነው ከአፈር የሚወጣው። ይሄኛው ግን በሁለት ቅጠል ብቅ አለ። ሰነባብቶ ደግሞ እንደ እንስላል የተበጣጠሰ ቅጠል አወጣ። «አረም ነው ብዬ ነቀልኩት፤ ብነቅል ብነቅል አያልቅም» አለችኝ በስልክ። ዘሩን የገዛችው በብዙ ሺህ ብር ነው። ድምጿ አንጀቴን በላው።

«እታለም፣ ትርፍ ዘር ቀርቶሻል?»

«ጣሳ ውስጥ አለ። ልድፋው እንዴ?»

«እንዳትነኪው። እመጣለሁ።»

የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ባዮሎጂ መምህርት ነኝ። በየዓመቱ «ባለ አንድ ክክ፣ ባለ ሁለት ክክ» እያልኩ ሰሌዳ ላይ በቆሎና ባቄላ እስላለሁ። ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ይፈተናሉ፣ ይረሳሉ። የአክስቴ መደብ ላይ የተከሰተው ግን ያው ትምህርት ነው፤ ልዩነቱ የሰው እንጀራ ሆኖ መምጣቱ ብቻ ነው። በጥር መጨረሻ፣ በሴሚስተር እረፍት፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ፣ ምላጭ፣ ነጭ ወረቀትና አንድ እስር ፖስታ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ተነሳሁ።

ከአዲስ አበባ እስከ ባቱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ረዳቱ ለሻንጣ ተጨማሪ 100 ብር ጠየቀኝ። ሻንጣዋ ጭኔ ላይ ነበረች። ተከራከርኩ፤ ተሳፋሪው አገዘኝ፤ ተወኝ። ከዚያ ተኛሁ።

ማታ አክስቴ ጣሳውን አመጣች። ጭልፋ የማይሞላ ዘር ነጭ ወረቀት ላይ አፈሰስኩ። በባዶ ዓይን ሁሉም ጥቁር ነው፤ ሁሉም ማዕዘን አለው። ሌንሱን ሳስጠጋው ግን ሁለት ዓይነት ሆነ። አንደኛው ባንድ ጎኑ ጎበጥ፣ በሌላው ጠፍጣፋ፣ ቆዳው እንደ ዘቢብ የተጨማደደ። ሁለተኛው ሦስት ወይም አራት ስል ጠርዝ ያለው፣ ቆዳው ላይ መረብ የተጣለበት የሚመስል። ሁለተኛውን በጥፍሬ ፈጭቼ አሸተትኩት። ያ ሽታ ከእናቴ ጓዳ ነው የማውቀው። ጥቁር አዝሙድ!

ግን ጠርጥሬ መመለስ አልፈለግኩም። ለማነጻጸር ንጹሕ ናሙና ያስፈልገኛል፤ ገና ከእናት ተክሉ ያልተለየ። መርካቶ በርበሬ ተራ የሚሸጠው ከየት እንደመጣና ከምን እንደተቀላቀለ ማን ያውቃል? ስለዚህ ወደ ባሌ ልቀጥል ወሰንኩ፤ በጥቁር አዝሙድ ስሟ ወደሚጠራው ጎሮ።

ሻሸመኔ፣ ዶዶላ፣ አዳባ። ዲንሾ ላይ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከመንገዱ ዳር የደጋ አጋዘኖች ቆመው ያዩናል። ሾፌሩ ማንም ሳይጠይቀው መኪናውን ቀዝቀዝ አደረገልን። አጠገቤ የተቀመጡ አባት ከኪሳቸው ጭኮ አውጥተው አካፈሉኝ። ቅቤው ጣቴ ላይ ቀረ፤ ሌንሱን እንዳላቆሽሽ ስጠነቀቅ ሮቤ ደረስን።

ሮቤ ላይ ያደርኩበትን ሌሊት አልረሳውም። አልቤርጎው ውስጥ አንድ ስስ ብርድ ልብስ ብቻ ነበር። ከስር ያለው ግሮሰሪ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሙዚቃውን አላጠፋም። እኔ ያደግኩበት ግቢ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በር የሚዘጋበት፣ ሬዲዮ እንኳ በዝግታ የሚሰማበት ነው። እናቴ ቅመሞቿን በየጠርሙሱ አድርጋ ስማቸውን በእጅ ጽሑፍ ትለጥፍባቸዋለች። ነገር በየቦታው ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጋቢዬን ደርቤ የቡናውን ጠርሙስ፣ የኮረሪማውን ጠርሙስ እያሰብኩ ነጋልኝ። በመደርደሪያው ላይ ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። እናቴ እህትማማቾች አድርጋ ነው የምታያቸው። እኔም ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ እንደዚያው አምን ነበር።

ጠዋት ወደ መናኸሪያ ያደረሰኝ ባጃጅ 200 ብር ተቀበለኝ። ማታ ያንኑ መንገድ በ50 ብር ነበር የመጣሁት። ከባድ ንዴት ተናደድኩ። ከዚያ ጎሮ ደረስኩና ንዴቱ ጠፋ።

የገበያ ቀን ነበር። በቅመም ረድፍ መጨረሻ አንዲት ሻሽ ያሰሩ እናት አምስት ጆንያ አፋቸውን ገልብጠው ተቀምጠዋል። ሰላምታዬ ኦሮምኛ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልዘለቀም። አጠገባቸው የ7ኛ ክፍል ተማሪ የልጅ ልጃቸው አለ፤ እሱ አስተረጎመልን። ጥቁሩን ሳነሳ «አባሱዳ» አሉኝ። ዓረቦቹ ሐበቱ ሰውዳ፣ ጥቁሯ ፍሬ፣ ከሚሉት ጋር የሚቀራረብ ስም ነው። ለጉንፋን፣ ለሆድ፣ ለሁሉም መድኃኒት ነው አሉኝ። ነጩን አዝሙድ ግን በዚህ ስም አልጠሩትም። ደስ አለኝ።

ከየጆንያው ሩብ ኪሎ አስመዘንኩ። ጥቁር አዝሙዱ ኪሎው 400 ብር ነበር፤ የሌሎቹን ሳልጽፍ ቀረሁ። ምራቂው በእፍኝ ነው። ወረቀቴን መሬት ላይ ዘርግቼ ከየዓይነቱ ቆንጥሬ ደረደርኩ፦ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ድንብላል፣ እንስላል፣ አብሽ። ሰው ተሰበሰበ። ልጁ ሌንሱን ለመነኝ፤ ሰጠሁት።

«ነጩ አዝሙድ ላይ ምን ይታይሃል?»

«መስመር አለው። ከላይ እስከ ታች።»

«ቁጠር።»

«አምስት። ደግሞ ትናንሽ እባጭ አለበት።»

እኛ የነጭ አዝሙድ ዘር የምንለው የፍሬው ግማሽ ነው። ፍሬው ሲደርቅ ለሁለት ይከፈልና ሁለቱ ግማሾች ሹካ በመሰለ ቀጭን ክር ላይ ተንጠልጥለው ይቆያሉ፤ ከዚያ ይወድቃሉ። እንስላሉን አንስቼ አሳየሁት። እሱም ግማሽ ነው፤ እሱም አምስት መስመር አለው፤ የእሱ ጎላ ያለ ነው። በምላጭ አግድም ስቆርጠው ጥቋቁር ነጠብጣቦች ታዩ፤ አራት በጀርባው፣ ሁለት በሆዱ በኩል። የዘይት ቱቦዎች ናቸው። ሽታው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ድንብላል ክብ ስለሆነ ሰው ከእነዚህ ጋር አያገናኘውም። ግን በሁለት ጥፍር ጨምቄ ስሰነጥቀው እሱም ሁለት ግማሽ ሆነ፤ ሆዳቸው እንደ ጀልባ ጎድጓዳ። ቱቦው ከሆዱ በኩል ብቻ ነው፣ ሁለት። ነጭ አዝሙድ፣ እንስላል፣ ድንብላል፣ ከሙን፣ ካሮት ሳይቀር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አበባቸው ጃንጥላ ይመስላል፤ ቅጠላቸው ይበጣጠሳል። እርስ በርስ ለመለየት ግን አበባውም ቅጠሉም ብዙ አይረዳም። የዕፅዋት መለያ መጻሕፍት በዚህ ቤተሰብ ላይ ሲደርሱ የበሰለ ፍሬ ይጠይቃሉ። የመስመሩ ቁመት፣ የቱቦው ብዛት፣ ጸጉር አለው የለውም። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ሶቅራጥስ የጠጣው መርዝ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። የሱ ፍሬ ሲበስል እነዚያ ቱቦዎች አይታዩበትም።

ሮበርት ሞሪሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1672 ስለዚህ ቤተሰብ ብቻ መጽሐፍ አሳትሟል። ስለ አንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ብቻ በሥርዓት የተጻፈ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው፤ የመደበውም በፍሬያቸውና በዘራቸው ነው። ከ350 ዓመት በፊት አንድ ሰው እንስላልና ድንብላል ከፊቱ ደርድሮ ቁጭ ብሏል። ያን ቀን እኔም ጎሮ ገበያ መሬት ላይ ከአንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ጋር ያው ሥራ ላይ ነበርኩ። ለዚህ ነገር ያለኝን ፍቅር ለባልደረቦቼ ማስረዳት ያቅተኛል።

«ጥቁሩስ?» አለ ልጁ።

ጥቁሩ ላይ አምስት መስመር የለም። ለሁለትም አይከፈልም። እያንዳንዷ ጥቁር ፍንጣቂ ራሷን የቻለች ሙሉ ዘር ናት። ልጁ ለአያቱ ሲነግራቸው ሳቁና ተነሱ። ጆንያውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው «ነይ» አሉኝ።

ቤታቸው ከገበያው አሥር ደቂቃ አይሆንም። ከጓዳው ማገር ላይ የታሰረ ደረቅ እቅፍ አወረዱ። በሕይወቴ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። የጥቁር አዝሙድ ደረቅ ፍሬ ጫፍ ጫፉ ላይ ቀንድ ያለው ትንሽ ፊኛ ይመስላል። አምስት ከረጢት ጎን ለጎን ተሰፍተው አንድ የሆኑ ናቸው፤ ቀንዶቹም አምስት። ከረጢቶቹ ከላይ፣ ከቀንዱ ሥር ይሰነጠቃሉ። ወረቀት ላይ ገልብጬ ነካ ሳደርገው ዘሩ ተንሿሿ። እያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ ዘሮቹ ተደርበው ተጨናንቀዋል፤ ጠርዛቸው የሾለውም በመጨናነቅ ይመስለኛል። ይህ የጃንጥላዎቹ ቤት አይደለም። የጥቁር አዝሙድ ዘመድ አጥር ላይ የምናየው የአዞ ሐረግ ነው፤ ያ ነጭ ላባ የመሰለ ጭራ ያለው ፍሬ የሚያፈራው። ስሙ ከነጭ አዝሙድ ጋር አስተሳሰረው እንጂ ዘሩ ለብቻው ነው።

እናትየዋ ሦስት ፍሬ ቀንጥሰው ሰጡኝ። ብር ሳወጣ እጄን መልሰው ዘጉት። ወተት አስጠጡኝ፤ ለመንገድ ብለው ደግሞ አብሽ ጨመሩልኝ። ስለ አብሽ ብዙ ማለት እፈልግ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ፍሬው ላይ አግድም የሚሄድ ጥልቅ ቦይ አለ፤ ከቦዩ በትንሹ በኩል ያለችው ወደፊት ሥር የምትሆነው ናት፣ በትልቁ በኩል ክኮቹ ናቸው። የባቄላና የማገጥ ዘመድ ነው። ግን ባቄላና አተር ውስጥ የሌለ ዝልግልግ ስንቅ በክኮቹ ዙሪያ አለው። አብሽ ሲመታ የሚኩረፈረፈው በዚያ ነው።

ተመልሼ ባቱ ደረስኩ። መንገዱ ያው ነው።

የዚያን ማታ ከአክስቴ ጣሳ መቶ ዘር ቆጥረን ወረቀት ላይ አፈሰስን። የጎሮውን ፍሬ ሰንጥቄ ከጎኑ አስቀመጥኩላት። ቅርጹን ካየች በኋላ ከእኔ ይልቅ እሷ ፈጥና ለየች፤ ዓይኗ ዘር ያውቃል። ከመቶው 36ቱ ጥቁር አዝሙድ ሆነ። ከሁለቱም ወገን አሥር አሥር ወስደን በእርጥብ ጨርቅ አሳደርናቸው።

ጠዋት ለስልሰው ነበር። መጀመሪያ ጥቁር አዝሙዱን ቆረጥኩ። ውስጡ ነጭ ቅባት ነው። ጽንሱ ከጫፉ በኩል ያለች፣ በሌንስም በጭንቅ የምትታይ ትንሽ ነገር ናት። ከዚያ ሽንኩርቱን። ጠፍጣፋ ጎኑን ወደ ታች አድርጌ በቀስታ ስሰነጥቀው፣ ደብዘዝ ባለው ሥጋ መሃል አንድ ነጭ ክር ተጠምዝዞ ተኝቷል። መደብ ላይ ጉልበቱን አጥፎ የሚወጣው ይኸው ነው፤ ዘሩ ውስጥ እያለ ጀምሮ ታጥፏል። አክስቴ ሌንሱን ዓይኗ ላይ ለጥፋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«ይሄ ክር ከሌለው ሽንኩርት አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም፣ እታለም።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ክሩ መኖሩ ግን መብቀሉን አይነግርሽም። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ያረጃል፤ መቼ እንደተመረተ ጠይቂ።»

የተረፈውን ጥቁር አዝሙድ ለቅመም ልትለቅም ስትል ከለከልኳት። ለዘር የሚሸጥ ነገር መድኃኒት ሊነካካው ይችላል።

ከሰዓት በኋላ አምና ከገዛችበት ሌላ ወደሆነ ሱቅ አብሬያት ሄድኩ። ቆንጥራ ወሰደች፤ መዳፏ ላይ ፈጭታ አሸተተች። ከዚያ አሥር ፍሬ ብቻ በወረቀት ጠቅልሎ እንዲሰጣትና የቀረውን እስከ ነገ እንዲያቆይላት ጠየቀችው። ባለሱቁ ግራ ገባው፤ ግን ሰጣት። ማታውን አረጠበቻቸው። ጠዋት እኔ ሻንጣዬን ስዘጋ እሷ በረንዳው ላይ ምላጭ ይዛ ተቀምጣ ነበር። አሥሩንም ቆረጠቻቸው። አሥሩም ውስጥ ክሩ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ዘሯን ልትገዛ ወጣች።